የኖታ ክፍሉ በር

በሩ ክፍት ነበር። መርማሪዋን ከመጀመሪያው የከነከናት ይኸው ነው።

ሴትዮዋ የተገኙት ከበሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ተደግፈው፣ ቁጭ እንዳሉ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የኳየሩን ኖታ የጠበቁ፣ የቸገረው ወጣት ሁሉ ወረቀትና ምክር የሚለምናቸው ሴት ነበሩ። የእናት አባታቸውን ስም የሚያስታውስ ጠፍቶ ትልቁም ትንሹም «እማማ ኖታ» ይላቸው ነበር።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ፣ «አስም ነው የገደላቸው» አላት። «የሚስቡት መድኃኒት ቦርሳቸው ውስጥ አለ። ቦርሳው ግን ኮሪደሩ ላይ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ነው ያለው። ከዚህ ስድስት እርምጃ አይሞላም።»

«በሩ ክፍት ከሆነ ታዲያ ምን ያዛቸው?»

«እሱን ላንቺ ትቼዋለሁ። እኔ የማውቀው ይኼን ነው።» የሟችን እጆች ቀስ አድርጎ ገለበጠላት። የሁለቱም መዳፎች ጎን ጠቁሮ አብጧል። «ደብድበዋል። ለረጅም ጊዜ።»

መርማሪዋ በሩን አየችው። ወፍራም የእንጨት በር ነው፤ ቁልፉ እንደ ሁልጊዜው በውጭ በኩል ተሰክቷል። ክፍት በር የሚደበድብ ሰው የለም። እንግዲህ ተቆልፎ ነበር፤ የቆለፈው ሰው ደግሞ ተመልሶ መጥቶ ከፍቶታል።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ የወጣት ዜማ ደራሲያን ውድድር ይፈጸማል። ከአርባ የኳየር ድርሰቶች ሁለት ብቻ ቀርተዋል፤ ቁጥር ሁለትና ቁጥር አምስት። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ኳየሩ ምድር ላይ ባለው አዳራሽ ሁለቱንም ሲለማመድ ነበር። ሁለቱ ወጣት ደራሲዎችም እዚያው ነበሩ። ፎቅ ላይ የቀሩት እማማ ኖታና የዳኞቹ ሰብሳቢ ብቻ ናቸው። የሰብሳቢው ክፍል ደግሞ ከኖታ ክፍሉ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል።

ሰብሳቢው ሰባ ዓመት የተጠጉ፣ ሽበታቸው ያማረባቸው፣ ወሬያቸው የማያልቅ ሰው ነበሩ። ስለ ሟች ደግነት፣ ስለ ዘንድሮ ወጣቶች፣ ስለ ቁጥር አምስት ውበት ሳያቋርጡ አወሩላት። መርማሪዋ ትንፋሽ እስኪወስዱ ጠብቃ፣

«ጋሼ፣ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የት ነበሩ?» አለች።

«እዚሁ ወንበሬ ላይ። ኖታ ሳነብ ነበር።»

«ምንም አልሰሙም?»

«ምንም። ጸጥ ያለ ከሰዓት ነበር። እንዲህ ያለ ጸጥታ በየቀኑ ባገኝ ብዬ ነበር እኮ!»

መርማሪዋ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ልክ ከመስኮቱ ሥር፣ ግቢው ውስጥ፣ ለቅዳሜ የሚሠራው መድረክ በግማሹ ቆሟል። አናጢዎቹ የተረፈውን ሚስማር ከመሬት ይለቅማሉ። ጀርባዋን ለሰብሳቢው እንደሰጠች፣

«ከሟች ጋር አምና ተጣልታችሁ ነበር የሚባለው እውነት ነው?» ስትል ጠየቀች።

መልስ አልመጣም። ዘወር ስትል ሰውየው ፈገግ ብለው ፊት ፊቷን ያያሉ፤ ጥያቄዋን የሚጠብቁ ይመስላሉ።

አባቷ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ማሽኑ ጆሯቸውን ቀስ በቀስ ሲወስደው ለሰው አልተናገሩም። ሰው ሲስቅ ይስቃሉ፣ ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ እንዳይጠየቁ ብዙ ያወራሉ። ይህን ፈገግታ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እያሉ አባቷ በራሳቸው ሲቀልዱ ከቤተሰቡ ማንም አይስቅም ነበር።

ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም።

የኳየሩ መሪ ግን ደረጃው ላይ ጠብቆ ያዛት። አርባ ያልሞላው፣ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ነው፤ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል።

«ምን ይመረመራል? እሳቸው ናቸው! በአንድ ግድግዳ ማዶ ተቀምጠው ሴትዮዋ በር ሲደበድቡ አልሰማሁም ይባላል? አምና እማማ "ውጤቱ ትክክል አይደለም" ስላሏቸው ቂም ይዘው ነው።»

«እናንተስ ታች ሆናችሁ አልሰማችሁም?»

«አርባ ሰው እየዘፈነ? በምን ጆሯችን!»

«ከአዳራሹ የወጣ ሰው ነበር?»

«እረፍት አልሰጠሁም። ቁጥር አምስትን ላስቀድም ብዬ ነበር፤ ከዚያ ከባዱን እንገላገለው አልኩና ከቁጥር ሁለት ጀመርን። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን።»

የቁጥር ሁለት ደራሲ «ረጅሙ» የሚሉት ወጣት ነው። ለፒያኖ ተጫዋቿ ገጽ ሲገልጥላት ስለዋለ ሁሉም አይቶታል። መርማሪዋ አብራው ተቀምጣ ስለ ባልደረባው ጠየቀችው።

«የልብስ ሰፊዋ ልጅ? ሁሌ ከሁላችንም ቀድማ የምትመጣ ልጅ ናት። ዛሬ ግን መጨረሻ ገባች፤ እያለከለከች። በኋላ የሷ ድርሰት ሲዘፈን አለቀሰች። እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ ለገዛ ዜማዋ ስታለቅስ ጉራ መስሎኝ ታዘብኳት።»

«ሲያልቅስ?»

«ጭብጨባውን እንኳ አልጠበቀችም። ወደ ፎቅ ሮጠች።»

ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ቃሏን በአጭሩ ሰጠች። «ወደ ላይ የወጣሁት መጸዳጃ ቤት ነው። ማንንም አላየሁም።» ከዚያም በቀኝ እጇ፣ በጥንቃቄ፣ ፈረመች።

መርማሪዋ የቁጥር አምስትን ኖታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። በቀለም ብዕር፣ በእጅ የተጻፈ ነው። እያንዳንዷ ኖታ ከኋላዋ ቀጭን ጥላ አላት፤ ቀለሙ ሳይደርቅ የጻፈው እጅ ወደ ቀኝ እየጎተተ አልፎበታል። እንዲህ የሚያደርግ ግራኝ ብቻ ነው። ቀጥላ የእማማ ኖታን የመዝገብ ደብተር ገለጠች፤ የሐሙስን ገጽ አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ከዚያ ደብተሩን ዘግታ ይዛው ወጣች።

ዓርብ ጠዋት ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሰብሳቢውን ከፊት ለፊቷ፣ ብርሃን ካለበት ቦታ፣ አስቀመጠቻቸው። ዘበኛው በሩን ዘጋ።

«እማማ ኖታን ማንም በእጁ አልገደላቸውም» ብላ ጀመረች። «ተቆልፎባቸው ሞቱ። አስም ያፈናቸው ጀመር፣ መድኃኒታቸው ከበሩ ውጭ ቀረ፣ በሩን ደበደቡ፣ የሚከፍት አጡ። መሪው ጋሼን ጠረጠሩ። እኔም ለጥቂት ጊዜ ጠርጥሬያቸው ነበር።»

«ታዲያስ!» አለ መሪው።

«አናጢዎቹን ጠየቅኩ። ትናንት ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከጋሼ መስኮት ሥር መድረክ ሲመቱ ውለዋል። ጋሼ ግን ጸጥ ያለ ከሰዓት ነበር አሉኝ። ሴትዮዋን ሰምተው ችላ ያሉ ቢሆን ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር? "መዶሻው ጆሮዬን ደፍኖት" ነበር የሚሉኝ። ሰበቡ ከመስኮታቸው ሥር ተቀምጦላቸው አላዩትም። መዶሻውንም አልሰሙማ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ስንት ዓመት ሆነዎት?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«አራት» አሉ። «ኖታውን በዓይኔ እሰማዋለሁ። ይበቃል ብዬ ነበር።»

መሪው ተቀመጠ። ያቺ ቁጣው የት እንደገባች አልታወቀም።

«ታዲያ ማን ቆለፈ?» አለች መርማሪዋ። «ጋሼ እንደማይሰሙ የማያውቅ ሰው ነው። ሴትዮዋ ቢቸግራቸው ጎናቸው ሰው አለ፣ ይከፍትላቸዋል ብሎ ያመነ። ለጥቂት ጊዜ ብቻ፣ አንድ ነገር እስኪያልፍ፣ ዝም እንዲሉለት የፈለገ። ረጅሙ ፒያኖው ዘንድ ነበር፤ መሪው መድረክ ላይ። አንድ ሰው ግን ዘግይታ፣ እያለከለከች ገባች፤ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ፎቅ ሮጠች። ቁጥር አምስትን የጻፈው ግራኝ ነው። አንቺ በቀኝሽ ነው የምትጽፊው፣ እህቴ። የማን እጅ ነው?»

ልጅቷ መሬት መሬቱን እያየች፣ «የወንድሜ» አለች።

«የት ነው ያለው?»

«ሞቷል። ሁለት ዓመት ሆነው። በሳንባ ነው። ማንም አልዘፈነለትም። አንዴ እንኳ፣ አንዴ ሰው ሲዘፍነው ልስማ ብዬ በስሜ አስገባሁት። እማማ እጁን አወቁት፤ ወረቀት የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ ለካ። ከልምምዱ በፊት ጠሩኝ። "ልጄ፣ የሌላ ሰው ሥራ አይወዳደርም፣ አሁኑኑ ለሰብሳቢው እነግራለሁ" አሉኝ። እባክዎ ከተዘፈነ በኋላ ይንገሩ ብዬ ለመንኳቸው። የሚቀጥለውን አላስጨረስኳቸውም፤ ወጣሁና ቆለፍኩ። የኛ ቀዳሚ ነበር እኮ! ዜማው አራት ደቂቃ ነው፤ አራት ደቂቃ ብቻ! ከዚያ ተራው ተቀየረ። ብወጣ ሳልሰማው ሊዘፈን ነው። ጋሼ አሉ፣ ይከፍቱላቸዋል አልኩ። አስም እንዳለባቸው አላውቅም ነበር። ሲያልቅ ሮጬ ወጥቼ ስከፍት አልፈው ነበር...»

«ፊትሽን አዙሪልኝ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ከንፈርሽን ልየው። ምን አልሽ?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እርስዎ ይሰማሉ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ቃሏን ከከንፈሯ ላይ ለቀሙት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አጎነበሱ። መሪው ሄዶ ትከሻቸውን ያዘ።

መርማሪዋ ደብተሩን ለልጅቷ ሰጠቻት፤ ይህን በአፏ ልትናገረው አልቻለችም። በእማማ ኖታ ደቃቅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ቁጥር አምስት። ይህን እጅ አውቀዋለሁ፣ ነፍሱን ይማር። ከውድድሩ ይውጣ። ግን ቅዳሜ ማጠቃለያው ላይ በራሱ ስም እንዲዘፈን መሪውን ልለምን። እህቱ ደስ ይላታል።»

ልጅቷ አነበበች። ረጅሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የልጅቷ እናት ፖሊስ ጣቢያ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው፤ ከስፌት መኪናቸው ተነስተው፣ ሜትሩን ከአንገታቸው ሳያወርዱ። መርማሪዋ ጩኸትና እርግማን ጠብቃ ነበር። ሴትዮዋ ግን ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡና እጇን ይዘው፣

«ተዘፈነ?» አሉ።

«ተዘፈነ፣ እማዬ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንባቸው ያን ጊዜ መጣ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠርገው ወደ መርማሪዋ ዞሩ።

«ሟች ቤተሰብ አላቸው?»

«አንድ እህት አላቸው።»

«ቤቱን ንገሪኝ።»

«ዛሬ ባይሄዱ ይሻላል፣ እናቴ። ክፉ ይናገሩዎታል፤ ሊያባርሩዎትም ይችላሉ።»

«ያባርሩኝ። ደጅ እቆማለሁ። እኔም ልጄን ስቀብር ደጅ የቆመልኝን ሰው ሁሉ አስታውሳለሁ።»

መርማሪዋ አድራሻውን ጽፋ ሰጠቻቸው። እናትየው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ የልጃቸውን ግንባር ስመው ወጡ።