ባዶው ስክሪን

ቴክኒሻኑ ምድር ቤት ሞቶ የተገኘው ግንባሩን በሩ ላይ እንዳስደገፈ ነው፤ የጣቶቹ አንጓ በርና ግድግዳ ከማንኳኳት ብዛት ተልጧል። ሰዉ «ክላውድ» እያለ ሰማይ ላይ የተንሳፈፈ የሚመስለው ነገር ያ ምድር ቤት ነው፤ ኮምፒውተር በኮምፒውተር ላይ ተደርድሮ ሲያጓራ ይውላል። ማቀዝቀዣው ቆመ፣ ክፍሉ ጋለ፣ እሳት ማጥፊያው እሳት መስሎት ጋዙን ለቀቀ፣ ሰውየው አየር አጣ። ኮምፒውተሮቹም የመዘገቡትን ይዘው ተበላሹ።

መርማሪዋ ስትደርስ ጥፋተኛ ተገኝቶ ነበር። ፕሮግራመሯ፣ የሟች ታናሽ እህት። በሩንና ማቀዝቀዣውን የሚያዘውን የፕሮግራም ክፍል፣ ሞጁሉን፣ የጻፈችውም፣ ያን ጠዋት አውቶማቲክ ፈተናውን ያስነሳችውም እሷ ናት። ሰው ለሥራ ይሰንፋል እንጂ ለመፍረድ አይሰንፍም፤ «ወንድሟን የበላች» ተብሎ አልቋል።

«ፈተናው ምን ምን ያደርጋል?» አለቻት መርማሪዋ።

«በሩን ይቆልፋል፣ ማቀዝቀዣውን ያጠፋል፣ ሞጁሉ በትክክል መታዘዙን ያያል። ወንድሜ ውስጥ ቆሞ በዓይኑ ያረጋግጣል። ሁሌም እንደዚያ ነው የምንሠራው። እኔ አስነስቼው ደንበኛ በስልክ ላነጋግር ላይኛው ፎቅ ወጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«ያጠፋውን አብርቶ፣ የቆለፈውን ከፍቶ ይወጣል። ቢያልፍም ቢወድቅም! ከክፍሉ ግድግዳ ማዶ፣ አዳራሹ ውስጥ ባለው ስክሪን ላይ ያለፈው አረንጓዴ፣ ስህተቱ ቀይ ሆኖ ይታያል።»

«ስክሪኑ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ?»

«ሰው በእጁ ካቋረጠው። ማቋረጫው እዚያው ስክሪኑ ሥር ነው። ያኔ የተቆለፈው እንደተቆለፈ ይቀራል።»

የድርጅቱ ኃላፊ ክራባቱን እያስተካከለ መጣ። ሐዘንም ቢሆን ክራባት ይፈልጋል።

«እንደ ወንድሜ ነበር። ምን ይደረግ፣ ፕሮግራሟ ስህተት ነበረበት። ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆኖ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«መቼ አዩት?»

«ከእንግዶቹ ጋር ስገባ ነዋ! ውል ሊፈርሙ የመጡ ትልልቅ ደንበኞች ናቸው። ከውጭ በር ተቀብዬ ይዣቸው ገባሁ።»

ሽማግሌው ጥበቃ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«ጋሼ፣ እንግዶቹ ሲገቡ የት ነበሩ?»

«ወንበር ተሸክሜ ከኋላቸው ነበርኩ፣ ልጄ።»

«ስክሪኑ ላይ ምን ነበር?»

«ምን ይኖራል? እንደኔ አፍ ባዶ! አንድ ጥርስ እንኳ የለበትም። ደግሞ አንዱ እንግዳ ሲወጣ፣ ‹ግንባታ ላይ ናችሁ እንዴ?› አለኝ። ኧረ የምን ግንባታ፣ አልኩት።»

መርማሪዋ ሦስቱንም አዳራሽ ሰበሰበች።

«ፈተናው ራሱ ቢጨርስ በሩን ይከፍት ነበር» አለች። «በሩ ተቆልፎ ቀረ፤ እንግዶቹም ያገኙት ባዶ ስክሪን ነው። ስለዚህ ሰው አቋርጦታል። እርስዎ ቀይ አየሁ አሉ። ከእንግዶቹ ጋር ብቻ ቢገቡ ኖሮ ቀዩን ከየት ያዩታል? ቀድመው ገብተዋል። ደንበኛ ቀይ እንዳያይብዎ ፈተናውን አቋረጡት።»

ኃላፊው ክራባቱን አላላ። «ውስጥ መኖሩን ረስቼው ነው! በእናቴ!»

«እሺ፣ ረስተውት ነው እንበል። ግድግዳው ሲንኳኳስ? ለእንግዶቹ ‹ግንባታ ነው› ያለው ማነው?»

የኃላፊው ድምፅ ሰለለ። «ሊፈርሙ ነበር… ተነስቼ ብወጣ ምን ይሉኛል? ትንሽ ይታገሥ ብዬ…»

እህትየው እስካሁን አላለቀሰችም። «እና የኔው ፕሮግራም ሊከፍትለት ነበር?» አለች።

«ሊከፍትለት ነበር፣ እህቴ።»

ልጅቷ ተነስታ ወደ ግድግዳው ሄደች፤ በጣቷ አንጓ ቀስ ብላ አንኳኳች። አዳራሹ ዳር ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ።