የአሞጽ ፎርኬላ በቢስቲማ መንገድ

የሞተሩ አፍንጫ ጉድጓዱ ውስጥ ጠለቀና ብረት ከብረት ተላተመ። ምቱ ከመሪው ተነሥቶ የአሞጽን ክንድ እስከ ትከሻው ነዘረው። ከኋላው የተቀመጠችው ጣይባ ከወንበሩ ተነጥላ ተመልሳ ጀርባው ላይ ወደቀች። ደረቷ ላይ ባሰረችው የበረዶ ሳጥን ውስጥ ብልቃጥ ሲሰበር ሁለቱም ሰሙ።

«አቁም! አሞጽ፣ አቁም አልኩህ!»

ቦሩ ሜዳን ገና ማለፋቸው ነበር። ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ይወርዳል። ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ጣሪያ ሥር ተጠግተው ሳጥኑን ከፈቱት። የእባብ መርዝ ማርከሻ ከያዙት ብልቃጦች አንዱ ደቅቆ ፈሳሹ በረዶው ላይ ፈስሷል። ጣይባ ስብርባሪውን አንሥታ አየችው።

ጣይባ ደሴ ውስጥ ነርስ ናት። በዚያው ቀን ጠዋት እናቷ ከቢስቲማ ማዶ፣ ቆላው አፋፍ ላይ ማሽላ ሲያርሙ እባብ እጃቸውን ነደፋቸው። የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አንዲት ትንሽ የገጠር ክሊኒክ አደረሷቸው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ናዳ መንገዱን ስለቆረጠው መኪና ሊያመጣቸው አልቻለም። መድኃኒቱ ወደ እሳቸው መሄድ ነበረበት። ናዳውን ሊሻገር የሚችለው ደግሞ ሞተር ብቻ ነው። ጣይባ ሮጣ የሄደችው ሆጤ ሰፈር ወዳለው ጎረቤቷ፣ ወደ ሞተር ጠጋኙ አሞጽ ነበር።

አሞጽ ተንበርክኮ ፎርኬላውን፣ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙትን ሁለት ቱቦዎች፣ በመዳፉ ዳሰሰ። ሕመሙን ያውቀዋል። ውስጡ ያለው ሞላ ልል ነው፤ ዘይቱም ከማርጀቱ የተነሣ እንደ ውሃ ቀጥኗል። ሁለት ሰው ሲጫንበት እስከ መጨረሻው ይሰምጣል፤ ከዚያ በኋላ የመንገዱን ምት የሚቀበለው የሰው አጥንት ነው።

«ይህ እንኳ የአስፋልት ጉድጓድ ነው» አላት። «ከሐይቅ ወዲያ ያለው ድንጋይ ነው። እንዲሁ ከሄድን የምናደርሰው ባዶ ሳጥን ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ከመሣሪያ ቦርሳው በፌስታል የተጠቀለሉ ሁለት ጠንካራ ሞላዎችና ወፍራም ዘይት አወጣ። ጠዋት ከኮምቦልቻ ያመጣቸው የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሽቅድምድም ሲወርድ ከጓደኞቹ ማንም እንዳይቀድመው ብሎ ነበር።

«እዚሁ ልቀይረው ነው።»

«ያ ረቢ! እናቴ እየሞተች አንተ ሞተር ትፈታለህ?»

አሞጽ ግን ሞተሩን ድንጋይ ላይ አሳረፈ፤ ጎማውን አወለቀ፤ ቱቦዎቹን ስቦ ክዳናቸውን ፈታና ገለበጣቸው። የጠቆረ ዘይት ተንዠቀዠቀ። አሮጌዎቹን ሞላዎች አውጥቶ ወደ ጎን ጣላቸው። አዲሱን ዘይት ሲያንቆረቁር ግን ከጥድፊያው የተነሣ አንዱን ቱቦ ከሌላው አብልጦ ሞላው።

«እኩል መሆን አለባቸው» አለ ጥርሱን ነክሶ። «አንዱ ከበለጠ መሪውን አላምነውም።»

ጣይባ ከቦርሳዋ ትልቅ ስሪንጅ አወጣች። «ትርፉ የቱ ጋ ነው? አሳየኝ።» አጎንብሳ ትርፉን በስሪንጁ መጠጠችና ሁለቱን እኩል አደረገች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ እጇ ግን ጸንቶ ነበር። አሞጽ ሞላዎቹን አስገብቶ ክዳኖቹን በሙሉ ክብደቱ ተጭኖ አጠበቃቸው።

ከሐይቅ ወደ ቢስቲማ የሚገነጠለውን ጥርጊያ ሲይዙ ዝናቡ በረዶ ቀላቀለ። የበረዶው ጠጠር ፊታቸውን ገረፈው። የመጀመሪያው ድንጋይ ከጎማው ሥር ሲገባ ጣይባ ሳጥኑን አቅፋ ዓይኗን ጨፈነች። የሞተሩ አፍንጫ ዝቅ አለ፤ ግን አልሰመጠም፤ ምቱን ውጦ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ያዘ?» ብላ ጮኸች።

«ያዘ! አብሽሪ!»

የሚሻገሩት ወንዝ ግን ሞልቶ ነበር። አሞጽ ሞተሩን አጥፍቶ ለመግፋት ወረደ። ጣይባ ሳጥኑን በራሷ ላይ አድርጋ ተከተለች። መሀል ላይ ጎርፉ ወገባቸውን ያዘ፤ ከሥር የሚንከባለል ድንጋይ የአሞጽን ቁርጭምጭሚት መታው። ተንገዳገደ፤ ጎማው በውሃው ተገፍቶ ቁልቁል ዞረ።

«ልቀቀው! ትወሰዳለህ!»

«ከለቀቅኩት በእግራችን ነን፤ በእግራችን ከሆንን ደግሞ እናትሽ የሉም!»

አገጩን መሪው ላይ አስደግፎ፣ «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» እያለ ገፋ። ማዶ ሲደርሱ ሁለቱም ጭቃው ላይ ተዘረሩ። ሞተሩ ውሃ ውጧልና እየሳለ እምቢ አለ። አሞጽ እግሩ እስኪዝል ማስነሻውን ረገጠው፤ በመጨረሻ ሞተሩ ጭስ ተፍቶ ተነሣ።

ናዳው ጋ የቀረው መንገድ በገደል አፍ ላይ የተንጠለጠለች ጠባብ መተላለፊያ ነበረች። ገና መሀሏ ሲገቡ ከላይ ጩኸት ተሰማ። በሞተሩ ድምፅ የደነገጠ የዝንጀሮ መንጋ የላላውን አፈር እየረገጠ ሽቅብ ሸሸ። ድንጋይ መዝነብ ጀመረ። አንዱ የፊት መብራቱን አደቀቀው፤ ሌላው በጣይባ ጀርባ በኩል አለፈ። ማቆም ሞት ነበር። አሞጽ ነዳጁን ከፈተው። ሞተሩ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለለ ሄደ፤ ፎርኬላው ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ፤ መሪው ግን ከእጁ አላፈተለከም።

ከናዳው ማዶ እፎይ ሳይሉ በመንገዱ ላይ ግንድ ተጋድሞ አዩ። ዱላ የያዙ ሦስት ሰዎች ከቁጥቋጦው ወጡ፤ መንገድ የተዘጋበትን ሰው የሚዘርፉ ናቸው።

«ውረዱ! ሞተሩንም ሳጥኑንም አምጡ!»

«ወንድሞቼ፣ መድኃኒት ነው» አለች ጣይባ። «እናቴን እባብ ነድፏታል። ወላሂ ለእናንተ አይጠቅማችሁም!»

«እሱን እኛ እናያለን!» አንዱ የሳጥኑን ማሰሪያ ጨብጦ ጎተተ። ጣይባ በሁለት እጇ አቀፈችው። ሌላው ሞተሩን ሊነጥቅ ዱላውን ሰነዘረና የአሞጽን የእጅ አንጓ አገኘው።

አሞጽ ወደ ግራ ተመለከተ። ከመንገዱ በታች የማሽላ እርሻ በድንጋይ እርከን እርከን ሆኖ ይወርዳል። እያንዳንዱ እርከን የሰው ወገብ ያህላል። በአሮጌው ሞላ ቢሆን ማሰቡም እብደት ነበር።

«ያዢኝ» አለ በለሆሳስ።

መሪውን ጠመዘዘና ወደ ባዶው ዘለለ። ማሰሪያው ከዘራፊው እጅ ተመነጨቀ። የፊት ጎማው መሬት ሲነካ ፎርኬላው ወደ ታች ሄደ፣ ሄደ፣ አሁን ይላተማል ሲል ቆመና መልሶ ገፋቸው። ሁለተኛው እርከን። ሦስተኛው ላይ ዘይት ፊቱ ላይ ተረጨ፤ የፎርኬላው ዘይት ማገጃ ጎማ ተበጥሷል። ማሽላው እንደ ጅራፍ እየገረፋቸው ከታችኛው መንገድ ላይ ወደቁ። ዘራፊዎቹ የወረወሩት ድንጋይ ሳይደርስባቸው ቀረ።

«ሳጥኑስ?»

ጣይባ ሳጥኑን ከፍታ አየችው። «ብልቃጦቹ ደህና ናቸው» አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ቢስቲማን አልፈው ክሊኒኩ ደጃፍ ሲደርሱ ሊመሽ ነበር። ደጉ የተባለው የጤና ባለሙያ ሮጦ ወጣ። «በሕይወት አሉ» አለ። እናቲቱ ክንዳቸው እስከ ትከሻው አብጦ ጠቁሯል፤ ድዳቸው ይደማል፤ የልጃቸውን ድምፅ አልለዩም።

«አንዱ ብልቃጥ ተሰብሮብናል» አለች ጣይባ።

«ያለውን እንሰጣለን። የቀረውን አላህ ያውቃል።»

መድኃኒቱ በደም ሥራቸው በጠብታ ገባ። አሞጽ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩ ዝናብ ውስጥ በጎኑ ወድቆ ዘይቱ ይፈሳል፤ ሄዶ ሊያነሣው አልቃጣውም። ጆሮው ከአልጋው በሚሰማው እስትንፋስ ላይ ብቻ ነበር። እስትንፋሱ በተቆረጠ ቁጥር የእሱም ይቆረጣል፤ ሲመለስ ይመለሳል።

ሲነጋጋ የድዳቸው መድማት ቆመ። ደጉ ደግሞ ደጋግሞ ካየ በኋላ ለጣይባ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀላት። እናቲቱ ዓይናቸውን ገለጡና ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ ወለሉ ተመለከቱ።

«ይኼ ልጅ ማነው?»

«አሞጽ ነው፣ እማ። መድኃኒቱን ያመጣልሽ።»

«አንቺ ልጅ» አሉ በደከመ ድምፅ፣ «አንጓው እንዲያ አብጦ ዝም ትይዋለሽ? አያምህም፣ ልጄ?»

አሞጽ እጁን አየ። የተሰበረ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ያልተሰማው ሕመም በአንድ ጊዜ መጣበት፤ ጎርፉም ገደሉም ያላስለቀሱት ሰው ራሱን አልጋቸው ጠርዝ ላይ አስደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እናቲቱ ደህነኛ እጃቸውን አንሥተው ጸጉሩ ላይ አኖሩ።

«አልቅስ» አሉት። «አልቅስ፣ ልጄ። ሁላችንም አለን።»