ለምርቃት የሰጠሁት ማጭድ

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ብረት ስቀጠቅጥና ስበይድ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ በዓይኔ ያላየሁትን በእጄ ያልነካሁትን ነገር አለ ቢሉኝ አላምንም። እናቴ ነፍሷን ይማርና "በቀትር ከጥላ አትውጣ፣ የቀትር ጋኔን ይለክፍሃል" ትለኝ ነበር፣ ሠላሳ ዓመት በቀትር መዶሻ ሳነሳ ከላብ በቀር የለከፈኝ የለም። ጎረቤታችን ያሉት ሰውዬ ማታ ማታ ሲቃዡ፣ ሰፈሩ ሁሉ "ዛር ነው" ሲል፣ "ወባ ነው፣ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው" ብዬ ከዘመዶቻቸው ጋር የተጣላሁ እኔ ነኝ። አሁን ግን መከራከሩም ሰልችቶኛል፣ የሆነውን እንደሆነው ልናገርና መሳቅ የፈለገ ይሳቅ።

ቤቴ ገንዳ ውሃ ነው፣ ግቢዬ ውስጥ በአራት እንጨት የቆመች የቆርቆሮ ዳስ አለች፣ ወርክሾፕ የምላት እሷን ነው። የትራክተር ማረሻ ሲሰበር የሚመጣው ወደ እኔ ነበር፣ በር የሚያሠራ ወደ እኔ፣ ማጭድ የሚገዛና የሚያስል ወደ እኔ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሥራው ደረቀ፣ ድንበሩ ዛሬ ተከፈተ ሲሉን ነገ ይዘጋል፣ መንገዱ ዛሬ ሰላም ነው ሲሉን ነገ መኪና አይመጣም፣ ባለ ትራክተሩ ትራክተሩን አቁሞ እሱ ራሱ ሥራ ፈላጊ ሆኗል፣ ሌላው ሁሉ ቀርቶ መብራት ያለ ቀን ሥራ የለም፣ ሥራ ያለ ቀን መብራት የለም። ባለቤቴ የሺ፣ ጎንደር ውስጥ እህት አለቻት፣ "አንድ ክፍል እለቅላችኋለሁ፣ መኳንንትም ጥበቃ ይቀጠራል፣ ኑ" አለችን፣ መኳንንት እኔ ነኝ። ለጉዞውና ለኑሮ መጀመሪያ የሚሆነን ከየት ይምጣ? ዕቃውን መሸጥ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ዱላ ይዤ የሰው በር ልጠብቅ ነው ወይ ብዬ ባንገራግር፣ የሺ "ኩራት እራት ነው የሚሉት እራት ያላቸው ናቸው" አለችኝ።

ዕቃ መሸጥ እንዲህ የሚያንገበግብ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ከሚገዛው ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣው በዛ፣ ቁጭ ይላል፣ "አይ ጊዜ!" ይላል፣ ብረት የሚነክሰውን ሞርሳ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርጋል፣ ውሃችንን ጠጥቶ ይሄዳል። አንዱ የብየዳ ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አይቶ "ጥሩ ነው፣ ግን ሌላ ቀለም የለህም ወይ?" አለኝ፣ እመኑኝ፣ ልክ እንዲህ ነው ያለኝ። ፊት ለፊቴ ያለው ጎረቤት ደግሞ ግራይንደሩን "ልሞክረው" ብሎ ወስዶ፣ ሦስት ቀን የግቢውን በር ሠርቶበት፣ ዲስኩን ጨርሶ መለሰና "ኃይል የለውም፣ ይቅርብኝ" አለኝ፣ በሩ ይኸው ከቤቴ በወጣሁ ቁጥር ይጋረጥብኛል።

በግንቦት መጨረሻ ኑሩ የሚባል አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ከመተማ ዮሐንስ መጣ። ኑሩ ከሱዳኖች ጋር ሲነግድ የኖረ ነውና ከሦስት ቃሉ አንዱ ዐረብኛ ነው፣ ሁሉንም ዓይቶ አንድ ዋጋ ጠራ፣ ዋጋው ያናድዳል፣ ግን ቢያንስ ተቀምጦ አላለቀሰም። "ኸላስ፣ በአንድ ላይ ላንሳልህና እንገላገል" አለኝ፣ እሺ አልኩ። ሞርሳው ወጣ፣ ወናፉ ወጣ፣ የአባቴ መዶሻ ሳይቀር ተጫነ። መኪናው ሊነሳ ሲል ኑሩ ተመልሶ መጣ።

"ምርቃቱስ?"

"የምን ምርቃት? ቤቴን ባዶ አድርገኸው!"

"ያለ ምርቃትማ ዕቃው አይባረክልኝም። ያንን ማጭድ ጨምርልኝ" አለና ወራጁ ላይ የተንጠለጠለውን አሳየኝ።

ስለዚህ ማጭድ ላስረዳችሁ። ወደ እኛ አገር ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋው ሠራተኛ ይመጣል፣ ዓመት ከዓመት የሚመላለሰውን፣ ሥራውን የለመደውን ሳሉግ እንለዋለን። ሳሉጉ አጨዳው አልቆ አገሩ ሲገባ ማጭድ ይዞ ቢሳፈር በየኬላው ያስቸግሩታል፣ ስለዚህ ለሠራለት ባለ ብረት አደራ ይሰጣል፣ እኔ ዘይት ቀብቼ ወራጁ ላይ እሰቅልለታለሁ፣ በዓመቱ ይመጣና እጀታው ላይ የቀረጸውን ምልክት በቃሉ ተናግሮ ይወስዳል። አባቴ እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል፣ እኔም እንዲሁ፣ ከእኔ እጅ የጠፋ የሰው ማጭድ የለም፣ በዚህ ቆላ ያለኝ ስም ይኸው ነው። የቀረው አንዱ ፈንታሁን የሚባል የጎጃም ሰው ማጭድ ነበር። ፈንታሁን ረጅም ነው፣ ንግግሩ ዝግ ያለ፣ ማጭዱን ሌላ ሰው እንዲስልለት የማይወድ፣ ከዳሴ ጥግ መሬት ውስጥ በተቀበረው ትልቅ መሳያ ድንጋይ ላይ ራሱ ተቀምጦ በጣሳ ውሃ እያንጠባጠበ ይስላል፣ ሁለቴ በረጅሙ፣ አንዴ በአጭሩ። ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ አልተመለሰም።

የሺ ከውስጥ ሆና "መኳንንት! አደራ ነው እኮ!" አለች። እኔ በዚያ ሐሩር፣ በዚያ ንዴት፣ "ሦስት ዓመት የረሳውን እኔ እስከ መቼ ልጠብቅለት?" አልኩና አውርጄ ሰጠሁት። ሸጥኩት እንኳ አይባልም፣ ለምርቃት ሰጠሁት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ቀትር ላይ እኔና የሺ ውስጥ ተጋድመናል፣ የግንቦት ቀትር እኛ ጋ ዶሮው ሁሉ አፉን ከፍቶ የሚያለከልክበት ነው፣ ሰው ዝር አይልም። ሽርርር… ሽርርር… ሽር። ጎረቤት ነው ብዬ ተውኩት። ሽርርር… ሽርርር… ሽር። የሺ "ዳሱ ውስጥ ነው" አለች። ወጣሁ፣ ባዶ ነው፣ አራት እንጨትና ከመሬቱ ተነቅሎ ሊጫን ያልቻለው መሳያ ድንጋይ ብቻ። ድንጋዩ እርጥብ ነበር። ልብ በሉ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ በዚያ ሰዓት የፈሰሰ ውሃ አፍታ ሳይቆይ ድርቅ ይላል፣ እኔ ስደርስ ግን ገና ጫፉ ላይ ይንጠባጠባል። ተመልሼ የሺን "ውሃ ምን ብለሽ ታፈሽበታለሽ?" ብዬ ተቆጣኋት፣ "ከጎንህ ተኝቼ?" አለችኝ፣ ተጣላን።

በሁለተኛው ቀን ከበሩ ኋላ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጀመረ፣ እግሬ ደጃፉን ሲሻገር ቀጥ አለ። አሁንም እርጥብ ነው፣ የሺ ጠዋት ቀድታ ዳሱ ሥር ያስቀመጠችው ጀሪካን ጎድሏል፣ መሬቱ ላይ የኮንጎ ጫማ ዱካ ከአጥሩ እስከ ድንጋዩ መጥቷል፣ የተመለሰ ዱካ የለም። ፈራህ ወይ ብትሉኝ፣ መጀመሪያ የያዘኝ ንዴት ነው፣ እኔ የምሠራበት ጠፍቶ የሸጥኩት ወርክሾፕ ያለ እኔ ሥራ ይጀምራል እንዴ! ደግሞ ምቱን አውቄዋለሁ፣ ሁለቴ በረጅሙ፣ አንዴ በአጭሩ፣ አውቄው አላወቅሁም እያልኩ ነበር። የሺ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፣ "ማጭዱን አምጣ" አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ መተማ ዮሐንስ ኑሩ መደብር ገባሁ። ማጭዱን መልሼ ልገዛው መጣሁ ስለው እንደ እብድ አየኝ።

"አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ? በማግስቱ ሰው ልከህ አስወሰድኸው አይደል እንዴ!"

"ማንን ላክሁ?"

"ያንን ረጅም ጎጃሜ ነዋ። ገና ሱቅ ስከፍት መጣ፣ 'ማጭዴን ስጠኝ፣ እጀታው ላይ ሦስት ጭረት አለ፣ ሦስተኛው ተሰብሯል' አለኝ፣ ባይ ልክ ነው፣ ሰጠሁት። ሰላም እንኳ አላለኝም፣ 'መኳንንት ቤት እስለዋለሁ' ብሎ ሄደ።"

ምን ልበላችሁ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ፈንታሁን መጥቷል፣ መሸጤን ሰምቶ ተቀይሞኛል፣ ንብረቱን ወስዷል፣ ሊያናግረኝ ስላልፈለገ በአጥር ገብቶ ስሎ በአጥር ይወጣል፣ አለቀ ደቀቀ። ስመለስ መንገዱ ሁሉ አጠረልኝ፣ ለየሺ ምን ብዬ እንደምስቅባት እያሰብኩ ግቢ ገባሁ። ግቢያችን ያለው የኒም ዛፍ ሥር የሺ ከአንድ እንግዳ ጋር ተቀምጣለች፣ ፊቷ ልክ አይደለም። እንግዳው ተነስቶ እጅ ነሳኝ።

"አያ መኳንንት እርስዎ ነዎት? ዋለ እባላለሁ፣ ለምንጣሮ ነው የመጣሁ። የወንድሜ የፈንታሁን ማጭድ ከእርስዎ ዘንድ ነበር አሉ። ሦስት ጭረት ነው ምልክቱ፣ ሦስተኛው የተሰበረ።"

"ወንድምህማ ወሰደው!" አልኩት እየሳቅሁ። "ከትናንት ወዲያ ራሱ መጥቶ ወሰደው።"

የሺ "መኳንንት" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ዋለ ቆሞ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። "ወንድሜማ ከዚህ የተመለሰ ዓመት በወባ ሞተ። አፈር ያለበስሁት እኔ ነኝ። 'ማጭዴን ቆላ አትተዉብኝ' እያለ ነው የሞተ፣ መንገዱ አላስመጣን ብሎ እንጂ እስከ ዛሬም አንቆይም ነበር።"

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም፣ ሁሉንም ነገርኩት፣ መሸጤን፣ ምርቃቱን፣ ድንጋዩን፣ ኑሩ ያለኝን። አደራ በላ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ባለኝ ይሻል ነበር። "ነገ ቀትር ልስማው" አለና ዳሱ ሥር አደረ።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሦስታችን ከቤት ውስጥ ሆነን ሰማነው። ዋለ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፣ ሲያበቃ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"እሱው ነው" አለ። ደግሞም፣ "ደንዞበታል" አለ።

"ምኑ?"

"ማጭዱ። አይሰሙም እንዴ፣ ድምፁ ከባድ ነው። ማጭድ ካላጨዱበት አይደንዝም፣ አያ መኳንንት። በየቀኑ ተስሎ በየቀኑ የሚደንዘው ምን ታጭዶበት ነው?"

እኔ ሠላሳ ዓመት ማጭድ የሠራሁት ይህን አላስተዋልኩም ነበር። በውጭ ያለው እርሻ ሁሉ ጥቁር መሬት ነው፣ ዝናቡ ገና ነው፣ የሚታጨድ ቀርቶ የበቀለ ሣር የለም። የሺ አማተበች፣ እኔም፣ አልደብቃችሁም፣ አማተብሁ።

ዋለ ሲሄድ ገንዘብ ልስጥህ ብለው አልተቀበለኝም። "መሸጥዎን አልቀየምም፣ ችግር ነው። ግን ከዚህ አይሂዱ። ሲመጣ ቢያጣዎት፣ ሌላ ሰው ቢገባበት፣ ወዴት ይሂድ? ውሃ ብቻ ያስቀምጡለት። አደራ።"

"ወንድሜ፣ ዕቃዬን የሸጥኩት እኮ ለመሄድ ነው!"

"አደራ ብያለሁ" አለና ጥቅልሉን አንስቶ ወደ እርሻ ሄደ። የመጀመሪያውን አደራ የበላሁትን እኔን እንዴት ሁለተኛ አደራ ይሰጠኛል? ይህን ባሰብሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፣ ግን እንቢ ማለትም አልቻልኩም፣ በምን አፌ።

ቄስ መጥተው ጠበል ረጭተዋል፣ ቀትር ሲሆን ያው ነው። ጎረቤቴ፣ ያ ባለ በሩ፣ "ድንጋዩን አትሰብረውም?" አለኝ፣ በምን እንደምሰብረው ግን አልነገረኝም፣ መዶሻዬ መተማ ዮሐንስ ነው ያለው። ገንዘቡም እየተበላ ነው፣ ጎንደር ያለው ክፍል ለሌላ ሰው ሊከራይ እንደሆነ የየሺ እህት ደውላለች፣ የጥበቃው ሥራም አይጠብቀኝም። የሺ ሦስት ሳምንት ታገሠችኝ። ዛሬ ጠዋት ሻንጣዋን አንስታ "ለሞተ ሰው ውሃ ስትቀዳ አብሬህ አልኖርም፣ ትመጣ እንደሆነ ና" አለችና ሚኒባስ ተሳፈረች፣ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት፣ ሁለታችንም አለቀስን፣ ወንበር ያዢልኝ ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፣ ትናንትም እንዲሁ ብያለሁ። በመጀመሪያ ቀን አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃው ነበር፣ ከሰሞኑ ሙሉ ጀሪካን አስቀምጬለት ባዶውን አገኘዋለሁ፣ የመሳሉ ድምፅም ከዕለት ዕለት እየከበደ ነው። ይህን ስጽፍ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ቦኖው ላይ ደግሞ ሰልፍ አለ፣ ሁለት ጀሪካን ይዤ ልውጣ።