የሐራው አዳር

ጁነይድ ሐራ ሄዶ ዓቢዳ ቤት ሰነበተ ሲሉኝ ሳቅሁ። ስቄ ግን ምሳዬን መብላት አቃተኝ። ዓቢዳን የመረጡለት እናቱ ናቸው። ቆንጆ ናት፤ የማልወዳትም ለሌላ ነገር አይደለም።

መስከረም 2015 ነበር። በቆቦ በኩል ጦርነቱ ዳግም አገርሽቶ መርሳ በተፈናቃይ ተሞልታለች። እኔና ባልደረባዬ ስዩም ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ ለጥናት ወባ የያዘውንም ያልያዘውንም አንድ ዓይነት ጥያቄ እንጠይቃለን። ሰውን ለበሽታው የሚያጋልጠው ምን እንደሆነ የሚታወቀው መልሶቹ ሲነጻጸሩ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ጁነይድ ጋቢውን ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ደሙ ተመርምሮ ወባ ተገኝቶበታል። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ እንዲያም ሆኖ ያምራል፤ ይህም አናደደኝ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ናጅዋ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከመኖሪያ ቤትዎ ውጭ አድረዋል?»

«አንቱ አልሽኝ?»

«ጥያቄው እንዲህ ነው የሚለው። አድረዋል?»

«አዎ፣ ሐራ።»

«ማን ቤት?» ይህ ጥያቄ ከራሴ የጨመርኩት ነው።

«የዓቢዳ አባት ቤት» አለ፤ አልደበቀም። ጆሮዬ ጋለ።

«አጎበር ነበረ?»

«ቤት ውስጥ ነበረ። እኔ ግን የተኛሁት ደጅ ነው።»

«ለምን ደጅ?»

ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«የሄድኩት ልጅዎን አላገባም፣ ልቤ ሌላ ዘንድ ነው ልላቸው ነበር። ነግሬያቸው ልመለስ ስል መንገዱ ተዘጋ። ‹ግባና ተኛ ልጄ› አሉኝ፤ ደግ ሰው ናቸው። ልጃቸውን አልፈልግም ብዬ ፍራሻቸው ላይ ልተኛ? አፈርኩ። መንገዱ እስኪከፈት ከበረታቸው አጠገብ ቢምቢ ሲበላኝ ሰነበትኩ።»

ደጅ ማደር ለወባ እንደሚያጋልጥ ከብዙ ሰው አፍ ሰምቻለሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ የሰማሁት ግን የለም። ዓይኔን እንባ ሞላው። ቅናቴ ግን ገና አልለቀቀኝም።

«ምግብ ማን ነበር የሚያቀርብልህ?»

«አባትየው!» አለና በትኩሳቱ መሀል ሳቀ። «አልሐምዱሊላህ፣ አንተ አልሽኝ።»

ብድግ አልኩ። በጥናቱ ደንብ ጠያቂው የቅርብ ሰውን ራሱ መጠየቅ አይፈቀድለትም፤ ለባልደረባ ይተላለፋል። ገና ሲቀመጥ ማሳለፍ ነበረብኝ፤ ግን የሐራውን ነገር ሌላ ሰው እንዲሰማልኝ አልፈለግሁም።

«ስዩም፣ ይህን ሰው አንተ ጠይቀው።»

«ለምን? ምንሽ ነው?»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከመሀላቸው የጁነይድ እናት ጎረቤት ተቀምጠዋል፤ የምናገረው ከምሳ በፊት እናቱ ጆሮ ይደርሳል።

«እጮኛዬ ነው» አልኩ።

ያን ቃል ጁነይድ ራሱ እንኳ እስከዚያች ቀን አልጠራውም ነበር። አፉን ከፍቶ ያየኛል።

ስዩም ፈገግታውን እያፈነ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። «እሺ፣ የት ነበር ያደሩት?»

«ደጅ ነው!» አልኩ ጁነይድን ቀድሜ። «ደጅ ብለህ ጻፍ!»