ከጕድጓዱ የወጣው ቁልፍ

ንጉሡ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ በደረቀ ጊዜ፣ የጠላት ጦር እንደ አንበጣ ሜዳውን ሞላው፤ የከተማይቱም በሮች ሁሉ ተዘጉ። በዚያ ዘመን በረኞች የሚጠብቁት ጥብቅ ሥርዓት ነበር፤ ከበባ የመጣ እንደሆነ በረኛው በሩን ቆልፎ፣ ሕዝብ እያየው ቁልፉን በሩ አጠገብ ካለው ጕድጓድ ይጥላል፤ ፈርቶም ሆነ ጉቦ በልቶ እንዳይከፍት ነው። የደቡቡ በር ሽማግሌ በረኛም እንደ ወጉ ጣለው። ወዮ ለእሱ! የቀረችው አንዲት ልጁ እንጨት ልትለቅም ወጥታ እንዳልተመለሰች የሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

በማግሥቱ የጠላት አዝማች ልጂቱን አስሮ ከግንቡ ሥር አቆማት።

«አንተ በረኛ! ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልከፈትክ አንገቷን እቀላዋለሁ!»

ሕዝቡ ግንቡ ላይ ወጥቶ ልጂቱን ሲያይ፣ ሽማግሌው ማንም ሳያየው በገመድ ወደ ጕድጓዱ ወረደ፤ ጭቃውን በጥፍሩ እየቧጠጠ ከፈጣሪው ጋር ተሟገተ፤ «ወንድሞቿን ወሰድክ፣ ዝም አልኩ፤ እሷን ግን ተውልኝ!» ቁልፉ እጁ ገባ። ከብብቱ ሸጕጦት ግንቡ ላይ ወጣ።

«አባብዬ!» አለች ልጁ ከታች፤ «ጢምህ ጭቃ ሆኗል እኮ፣ የት ስትንከባለል ነበር?» ወዲያው ግን ገባት፤ ድምጿም ተለወጠ። «አትድከም አባብዬ። ከኋላህ ስንት እናት አለች! እኔን ለእግዜር ስጠኝና ሂድ።»

«አምላኬ፣ አደራህን» አለ ሽማግሌው፤ የአዝማቹ እጅ ይደርቃል ብሎ ከልቡ አመነ። ደረጃውን ወርዶ ቁልፉን መልሶ ጕድጓዱ ውስጥ ለቀቀው።

የአዝማቹ እጅ ግን አልደረቀም፤ በአንድ ምት ጨረሳት።

ወር ሳይሞላ በጠላት ሰፈር ተቅማጥ ገብቶ ጦሩ ተበተነ፤ ከተማይቱም ዳነች። ለቀስተኛው እየመጣ «አይዞዎት አባታችን፣ ምን ያድርጉ? ቁልፉ እጅዎ ላይ አልነበረ!» ሲለው፣ «አዎ፣ አልነበረም» ይል ነበር። ከእግዜር ጋር ብዙ ጊዜ ተኳረፈ፤ ኋላ ግን ተመልሶ ሰገደ፤ እውነቱን የሚያውቅለት ሌላ ማንም አልነበረውምና። ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር አልለመነም፤ አጠገቡ መሆን ብቻ በቃው።

የታሪክ ጸሐፊዎችም ከተማይቱን ያዳናት የቀደሙት አባቶች ሥርዓት ነው ብለው ጻፉ፤ ስለ በረኛውም፣ አባት ነውና ቁልፉ በእጁ ቢሆን ኖሮ ሳይከፍት አይቀርም ነበር ሲሉ ፈረዱ።