ድንጋዩ የእኛ ነው

ሂዳያ ሱፍዋንን መጀመሪያ ያየችው ተቆልፎ በማያውቅ በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ባገኘችበት ጠዋት ነው። ከሱብሒ ሰላት በኋላ አሥራ አራት ተጫዋቾቿን አስከትላ ሜዳው ጋ ስትደርስ አንድ ረጅም ወጣት በሩ አጠገብ ቆሟል። ሹራብ ለብሷል። እንግዲህ ሸዋ ሮቢት ነው፣ ወሩም ግንቦት ነው።

«ወንድም፣ ክፈትልን» አለችው፣ አዲስ ዘበኛ መስሏት።

«ጠዋት ለአባላት ብቻ ሆኗል» አላት። «ሱፍዋን እባላለሁ፤ የክለቡ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ሂዳያ አንቺ ነሽ መሰለኝ... ይህ ያንቺ ነው።»

ያቀበላት ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ወረቀት ነበር። ክለቡ ስለ በጎ ፈቃድ አገልግሎቷ ያመሰግናታል፤ ካመሰገነ በኋላ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ያለ ፈቃድ ግቢ እንዳይገቡ፣ የሴቶቹ እግር ኳስ ቡድንም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንዲለማመድ ያዛል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደሟ ፈላ።

«ስምንት ሰዓት?»

«አዎ፤ ሜዳው ባዶ የሚሆነው ያኔ ነው።»

«ለምን ባዶ እንደሚሆን ጠይቀሃል?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ እጁ ላይ መለሰችለትና ልጆቿን ይዛ ተመለሰች። መንገድ ላይ የሰውዬው ዓይን እንደሚያምር ትዝ ሲላት በራሷም ተናደደች።

የተናደደችው በከንቱ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት ያ ሜዳ ድንጋይና እሾህ የሞላበት ጠፍ መሬት ነበር። የጭነት መኪኖች ባለቤት የሆኑት ሐጂ ሙዐዊያ መሬቱን ለስፖርት ክለብ ሲረከቡ ከተማውን ደቦ ጠሩ። በሬ አረዱ፣ «ልጆቻችን ይጫወቱበታል» አሉ፣ ሰዉም ወጣ። ሂዳያ ያኔ ድንጋይ ስትሸከም መዳፏ ተልጦ ሳምንት ሙሉ ማንኪያ መያዝ አቅቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጆቹን በነጻ ታሠለጥናለች፤ የባጃጅ ሹፌሩ ጋሼ ስንታየሁም በየሳምንቱ ባጃጁን አቁሞ መስመሩን በኖራ ያሰምራል። ሜዳው አምሮ ከፋይ አባላት ሲመጡ ግን ደቦ የወጣው ሰው «ያለ ፈቃድ የማይገባ» ሆኖ አረፈው። የበሉበትን ወጭት መስበር ይሉሃል ይሄ ነው።

ሂዳያ ለልጆቹ ስትል ንዴቷን ዋጠችና በስምንት ሰዓት ይዛቸው ሄደች፤ ከጎረቤቷ ጀውሃ የሴቶች ቡድን ጋር የሚገጥሙበት ቀን ደርሶ ነበር።

ሱፍዋን የደብረ ሲና ልጅ ነው። ጉም ውስጥ ያደገ ሰው ፀሐይ ሲያገኝ ስጦታ ይመስለዋል። ስምንት ሰዓትን የመረጠውም በክፋት አልነበረም፤ በእሱ አገር ሰው ደጅ ወጥቶ የሚሞቅበት ሰዓት ስለሆነ ነው። ቆላ ላይ በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳን ከጥላው አይወጣም።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በረኛዋ ፋዲላ ጎሉ ሥር ተዘረረች። ሱፍዋን ጀሪካን ውሃ ይዞ ከቢሮው ሲሮጥ መጣ፤ ውሃውን ለሂዳያ አቀብሎ የጋሼ ስንታየሁን ባጃጅ ሊጠራ አስፋልት ድረስ በረረ። ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ ልጅቷ ዓይኗን ከገለጠች በኋላ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ሂዳያን አያት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ወረቀት ይዘህ መጣህ እንጂ ጥያቄ ይዘህ አልመጣህም። ይቺ ልጅ ብትሞት በምን ማኅተም ትመልሳት ነበር?»

«ልክ ነሽ» አላት።

ሂዳያ ለረጅም ጭቅጭቅ ተዘጋጅታ ነበር። ጥፋቱን እንዲህ በአንድ ቃል የሚውጥ ወንድ አይታ አታውቅም።

«ወላሂ፣ ሐጂን አነጋግሬ ቅዳሜ ጠዋት በሩን እከፍትልሻለሁ» አላት። አመነችው። እስከ ቅዳሜ ሁለት ቀን ነበር፤ ሁለቱንም ቀን እሱን ስታስብ ዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉ እንዳለ ነበር። ዘበኛውን ጠየቀችው።

«ሥራ አስኪያጁ የታለ?»

«ውስጥ ነው፤ ከሐጂ ጋር ሻይ እየጠጣ።»

ሻይ! ፋዲላ ቤቷ ተኝታ እሱ ሻይ ይጠጣል። ሂዳያ አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ ጋሼ ስንታየሁ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ደቦ እጠራለሁ።»

«ለምን ሥራ?»

«ያወጣነውን ድንጋይ ወደ ሜዳው ልንመልስ።»

ጋሼ ስንታየሁ ትንሽ አሰበና ሳቁ መጣ። «እኔ አለሁ» አላት።

እሁድ ጠዋት አርባ የሚሆን ሰው መጣ። ከአጥሩ ውጭ ተከምሮ ከነበረው ድንጋይ እያነሳ በሩ ፊት ቆመ። ሱፍዋን ቁልፉን በእጁ ይዞ ከውስጥ ወጣ።

«ፖሊስ ልትጠራ ነው?» አለችው ሂዳያ፣ ድንጋይ እንደታቀፈች። «ጥራ። ሻይህን ጨርሰህ ከሆነ።»

ሱፍዋን በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ሹራቡን አውልቆ አጥሩ ላይ ጣለና ወደ ክምሩ ሄዶ አንድ ትልቅ ድንጋይ ተሸከመ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ደቦ የመጣን ሰው ትመልሻለሽ?» አላት። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ሻዩን አልቀመስኩትም። ሐጂን ስማጸናቸው ቀዘቀዘ። እምቢ ሲሉኝ አንቺን ማየት አፈርኩ።»

«ማፈር ምን ይሠራልኛል?» ይኼኔ ነው የባሰ የተቆጣችው። «መጥተህ እምቢ አሉኝ አትለኝም ነበር? አብረን እንቆጣ ነበር!»

ሐጂ ሙዐዊያ ሲደርሱ የሜዳው እኩሌታ ድንጋይ ለብሷል።

«በንብረቴ ላይ ምን ታደርጋላችሁ?» አሉ፣ ከመኪናቸው ሳይወርዱ።

ጋሼ ስንታየሁ ባርኔጣውን አወለቀ። «ሐጂ፣ ሜዳው የእርስዎ ነው፤ ማንም አይክድም። ድንጋዩ ግን የእኛ ነው። በጫንቃችን ያወጣነውን በጫንቃችን እየመለስን ነው። የበላነውን በሬ መመለስ ነው ያቃተን።»

ከሰዉ መሃል ሳቅ አፈተለከ። ሐጂ አልሳቁም። የተሸከሙትን አንድ በአንድ አዩ፤ ሁሉንም በስም ያውቋቸዋል፣ ሁሉንም በገዛ አፋቸው ነበር የጠሯቸው። ከመኪናው ወረዱ።

«የወደቀችው ልጅ እንዴት ናት?» አሉ በመጨረሻ።

«ዳነች። አልሐምዱሊላህ» አለች ሂዳያ።

«ጠዋቱ የልጆቹ ይሁን። እናንተም እንደ ዱሮው ግቡ።» ወደ ሱፍዋን ዞሩ። «አንተ ግን ቁልፌን አስረክብና ሂድ።»

ሱፍዋን ቁልፉን ሂዳያ መዳፍ ላይ አኖረው። ሐጂ አይተው ወደ መኪናቸው ተመለሱ።

ሱፍዋን ሥራ አጥቶ ጀውሃ አጎቱ ዘንድ ተቀመጠ። በሳምንቱ ሽማግሌ ላከ። አባቷ ሲጠይቋት ሂዳያ ፊቷን ሳታዞር መለሰች።

«እወደዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን በሩን ቆልፎ ድንጋዩን ያስመለሰን እሱ ነው። መጀመሪያ ድንጋዩን ብቻውን ያውጣ።»

ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ጥሎሽ ሰምተው አያውቁም፤ መልእክቱን ግን አደረሱ። ሱፍዋን በማግስቱ መጣ። ልጆቹ በአንዱ ጎን ይለማመዳሉ፣ እሱ በሌላው ጎን ይሸከማል። ሂዳያ አምስት ጠዋት አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም። የተላጠ መዳፉን ግን በየቀኑ ሰርቃ ታያለች፤ የራሷ መዳፍ ትዝ ይላታል።

በስድስተኛው ቀን አንድ ብቻ ቀረ፤ ሁለት ሰዎች ተጋግዘው ያመጡት ትልቁ። ሱፍዋን ገፋው፣ ጎተተው፣ ንቅንቅ አላለም። ሂዳያ ፊሽካዋን ከአንገቷ አውልቃ ለፋዲላ ሰጠችና መጣች።

«በዚያ በኩል ያዝ» አለችው።

«ቁጣሽ በረደ?»

«አልበረደም። ኒካሕ ታስሮም እቆጣለሁ።»

«ተቆጪ» አላት። «ብቻ እየነገርሽኝ።»

አነሱት። እየተንገዳገዱ ሜዳውን አቋርጠው እስከ በሩ አደረሱት። ክምሩ ጋ ሊወስደው ሲል እሷ እዚያው አስቆመችው፤ የተከፈተውን በር እንዳይዘጋ በድንጋዩ ደገፉት። ተጋብተው ልጅ ከወለዱም በኋላ ድንጋዩ እዚያው ነው፤ ቁልፉ የት እንደገባ ግን ሂዳያም አታውቅም።