ጭቃው የመለሳት ኢንታን

የቻናሉ ቤተሰቦች፣ ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን የምጽፍላችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው...

ቦታው ማሌዢያ፣ ባሕር ዳር ያለችው መንደራችን። ሰዓቱ ከቀኑ አስር። ፀሐይ ገና አልበረደችም፤ ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው እስከ ሩቅ ተገልጧል።

ሥራዬ የመንደሩን ልጆች ጭቃው ላይ እየመራሁ ስለ ሸርጣን፣ ስለ ዓሣና ስለ ወፍ ማስተማር ነው። ፀጉሬ የሸበተው እዚሁ ነው።

በእኛ ዘንድ ጭቃ የዋጠው ሰው እግሩ በጉድጓድ ውሃ እስኪታጠብ ድረስ ስሙ አይጠራም። ከተጠራ፣ አቤት የሚለው ማን እንደሆነ አይታወቅም ይባላል።

እኔ ይህን ለልጆቹ የምነግራቸው እየሳቅሁ ነበር።

የዚያን ቀን ኢንታን የምትባለው ተማሪዬ ሸርጣን ስታባርር ከሰልፉ ወጣች። ዘወር ስል እስከ አንገቷ ሰምጣለች።

ጭቃው ላይ ስሄድ እንዳልሰምጥ የምይዘውን ጣውላዬን ወርውሬ በላዩ በደረቴ ተሳብኩ። ሳልደርስባት ጭቃው ከላይዋ ተዘጋ።

የማደርገው ጠፋኝ።

"ኢንታን! ኢንታን!"

እጄን እስከ ትከሻዬ ጭቃው ውስጥ ሰደድኩ።

ከዚያ የሆነ ነገር ክንዴን ጨምድዶ ያዘ። ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩ።

"አቤት፣ ቲቸር" አለችኝ።

አላሳለችም። አላለቀሰችም። ትንፋሿ እንኳን አልተቆራረጠም።

"አንቺ፣ ጭቃ ውስጥ የተንከባለለ ጎሽ መስለሻል!" ብሎ አንዱ ልጅ አሾፈባት። ኢንታን መሳደብ ትወድ ነበር። አሁን ግን ዓይኗን ተክላ አየችው።

ተሸክሜ እናቷ ጋ ወሰድኳት። እናቷ ሮስና ጎረቤቴ ናት፤ ቤታቸው ባሕሩን ፊት ለፊት ያያል። ጉድጓዱ አጠገብ አስቀምጣ ታጥባት ጀመር።

"ስሟን አልጠራሽም አይደል?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"...ጠርቻለሁ።"

"መለሰችልሽ?"

"አቤት አለችኝ።"

ሮስና መቅጃውን እንደያዘች ቀረች።

"እማ፣ ውሃ ጨምሪልኝ" አለች ልጅቷ። "ቆዳዬ ከደረቀ አልተነፍስም።"

ጭቃ ላይ የሚዘለውን ዓሣ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ነው። ዓይኑን የሚያርሰው ደግሞ ወደ ውስጥ አስምጦ ነው።

ልጅቷን አየኋት።

አንዱ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባና ተመለሰ። ቀጥሎ ሌላው።

"ሮስና... ይቺ..."

"ዝም በዪ!"

"አይተሻል እኮ!"

"ልጄ ናት አልኩሽ!" በሽርጥ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። እያለቀሰች ውሃ ታፈስባታለች። "ልጄ ናት... ልጄ ናት..."

ዓይኔን ወደ ባሕሩ መለስኩ። ውሃው ተመልሶ ጭቃውን እየሸፈነ ነው።

ጣውላዬን ጥዬ የመጣሁበት ቦታ ላይ፣ አንዲት ትንሽ እጅ ከውሃው በላይ ወጥታለች።

አትንፈራገጥም። ክፍል ውስጥ ለመናገር ፈቃድ እንደሚጠይቅ ተማሪ፣ ቀጥ ብላ ተነሥታ ትጠብቃለች።